ገጹ ከመከፈቱ በፊት፦ ከርነል የቲሲፒን ትውውቅ እንዴት ያስተናግዳል?

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በተደረደሩት ፎቆች ውስጥ የቢሮ ሥራ የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ከፍታ የመሥሪያ ቤቷን የክፍያ ማዘዣ ገጽ ስትጠራ፣ ገጹ ብቅ ከማለቱ በፊት በእሷ ማሽንና በሰርቨሩ መካከል ሦስት አጫጭር ፓኬቶች (በኔትወርክ የሚላኩ ጥቃቅን የመልእክት ጥቅሎች) ይመላለሳሉ። ይህ ምልልስ የቲሲፒ ትውውቅ ይባላል፤ ቲሲፒ ማሽኖች በኢንተርኔት ዳታ የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ ነው። ፓኬቶቹ ስለ ክፍያው አንዳች አያነሱም፣ ስሟንም የይለፍ ቃሏንም አይዙም፤ ሥራቸው ሁለቱ ማሽኖች በእርግጥ እርስ በርስ መሰማማታቸውን ማረጋገጥና ለቀጣዩ ንግግር መነሻ ቁጥር መያዝ ብቻ ነው። ብዙ ሰው፣ ሶፍትዌር በመጻፍ የሚተዳደረውም ጭምር፣ ለእነዚህ ፓኬቶች መልስ የሚሰጠው የድረ ገጹ ፕሮግራም ይመስለዋል። አይደለም። ፕሮግራሙ ስለ ሠራተኛዋ መምጣት የሚያውቀው ፓኬቶቹ ተመላልሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነው።

ይህን ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። በመስኮት በኩል «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስ ባለጉዳይ ሁሉ፣ ሲስተሙ ጠፍቶ ወይም መስመሩ ተቆርጦ የተመለሰ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሰርቨሩ በርቶ፣ መስመሩም ደኅና ሆኖ፣ በከርነሉና በፕሮግራሙ መካከል ባለች ጠባብ ወረፋ ውስጥ ቦታ በመጥፋቱ ብቻ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች የምገልጸው ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለውን አሠራር ነው፤ ከዛሬዎቹ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእሱ ነውና። የከርነሉን ውሳኔዎች በአንድ ላይ ለመረዳት የሚያግዝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከርነሉም በየደረጃው የሚመልሰው ይህንኑ ነው ማለት ይቻላል፦ ማንነቱን ላላረጋገጥሁት እንግዳ ስንት ባይት ሜሞሪ ላውጣ?

በመጀመሪያ ስለ ፓኬቶቹ። የቲሲፒ ዋና ሰነድ የነበረው አርኤፍሲ 793 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉበት ተከታታይ ሰነድ ነው) የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ማሻሻያዎች ተጠቃለው በ2022 አርኤፍሲ 9293 ሆነው ወጥተዋል። የትውውቁ ሥርዓት ግን በሁለቱም አንድ ነው። ግንኙነት ፈላጊው ሲን የተባለውን ፓኬት ይልካል፣ ሰርቨሩ ሲን-አክ ይመልሳል፣ ፈላጊውም በአክ ይዘጋዋል። ሦስት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ቲሲፒ የሚልከውን እያንዳንዱን ባይት ስለሚቆጥር፣ ሁለቱም ወገኖች ቆጠራቸውን ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምሩ ማሳወቅና ማሳወቃቸው መሰማቱን ማረጋገጥ አለባቸው። ይህ በድምሩ ሁለት ማስታወቂያና ሁለት ማረጋገጫ ይሆናል፤ ሰርቨሩ የራሱን ማስታወቂያና ለሌላው የሚሰጠውን ማረጋገጫ በአንድ ፓኬት ስለሚጭን አራቱ ወደ ሦስት ይወርዳሉ።

ቲሲፒደምፕ በተባለው መሣሪያ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው መስመር ላይ በቅንፍ ውስጥ «ኤስ» ፊደል ብቻዋን ትታያለች፣ አጠገቧም ለምሳሌ 2731904416 የሚል መነሻ ቁጥር ይኖራል። በሁለተኛው መስመር «ኤስ» ከነጥብ ጋር ትመጣለች፤ ሰርቨሩ የራሱን መነሻ፣ እንበል 1188020953ን፣ ከጻፈ በኋላ ለሌላው ወገን 2731904417ን ይጠቅስለታል፤ የተቀበለው ቁጥር ላይ አንድ ጨምሮ ማለት ነው። በሦስተኛው መስመር ላይ ነጥብ ብቻ ትቀራለች። የሠራተኛዋ አሳሽ የመጀመሪያ ጥያቄውን የሚልከው ከዚህች ነጥብ ቀጥሎ ነው።

መነሻ ቁጥሩ 32 ቢት ስፋት ስላለው ከ4 ቢሊዮን በላይ አማራጮች አሉት። ለምን ከዜሮ አይጀመርም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቀደሙት ዓመታት ከርነሎች ቁጥሩን የሚመርጡት በቀላሉ ሊገመት በሚችል መንገድ ነበር፤ የኮምፒውተር ተመራማሪው ሮበርት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ቁጥሩን መገመት የቻለ ሰው የሌላ ሰው አድራሻ ለብሶ፣ የሰርቨሩን መልስ እንኳ ሳያይ ትውውቁን ሊጨርስ እንደሚችል አሳየ። ማስጠንቀቂያው ዘጠኝ ዓመት ያህል ችላ ተብሎ ከቆየ በኋላ፣ በ1994 በፈረንጆች የገና ዕለት በኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያው በቱቶሙ ሺሞሙራ ኮምፒውተሮች ላይ በተፈጸመው ጥቃት ይኸው ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ሊኑክስ ቁጥሩን የሚያወጣው የሁለቱን ወገኖች አድራሻና ፖርት (በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚለዩበት ቁጥር) ማሽኑ ሲነሣ ከሚያበጀው ምስጢር ጋር ፈጭቶ፣ ማለትም ወደ ኋላ በማይመለስ ሒሳብ ቀላቅሎ፣ በላዩ በየ64 ናኖሰከንዱ አንድ የሚጨምር ሰዓት በመደመር ነው። ይህ ጉዳይ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን በአእምሮ ይያዝ፦ መነሻ ቁጥሩን የሚመርጠው ከርነሉ ራሱ ነው፣ ምን ብሎ እንደሚመርጠውም ማንም አያዝዘውም።

አሁን ወደ ሰርቨሩ ውስጥ እንግባ። ሲን ፓኬቱ የኔትወርክ ካርዱ ላይ ሲደርስ፣ ካርዱ ፓኬቱን አስቀድሞ በተዘጋጀለት የሜሞሪ ቦታ ላይ በቀጥታ ያስቀምጥና ለፕሮሰሰሩ ምልክት ይሰጣል። ከርነሉ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ሥራ አይሠራም፤ ምልክቱን ተቀብሎ ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ያቆየውና ፓኬቶቹን በርከት አድርጎ በአንድ ዙር ያነሣቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ፓኬት ሥራውን ቢያቋርጥ ኖሮ ፓኬት በበዛበት ሰዓት ሌላ ነገር የመሥራት ፋታ ባላገኘም ነበር። ከዚያ አድራሻዎቹን የያዘው የአይፒው ክፍል ይመረመራል፣ ፓኬቶችን የሚያጣራው ፋየርዎል የሚለው ካለ ይላል፣ የተረፈው ፓኬት ለቲሲፒው ክፍል ይተላለፋል።

የቲሲፒው ክፍል የመጀመሪያ ሥራ ፓኬቱ የማን እንደሆነ መፈለግ ነው። የላኪውን አድራሻና ፖርት፣ የተቀባዩን አድራሻና ፖርት፣ በድምሩ አራት ነገሮችን ይዞ በሰንጠረዡ ውስጥ ቀድሞ የተመሠረተ ግንኙነት መኖር አለመኖሩን ያያል። ከሌለ፣ በዚያ ፖርት ላይ ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም ያለ እንደሆነ ይፈልጋል። ሁለቱም ካልተገኙ ከርነሉ አርኤስቲ የተባለ የእምቢታ ፓኬት ይመልሳል፤ በደንበኛው፣ ማለትም በግንኙነት ፈላጊው፣ ስክሪን ላይም «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚለው መልእክት ወዲያው ይታያል። ይህ መልእክት ሰው ያስደነግጣል እንጂ መልካም ዜናም አለበት፤ መስመሩ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ደኅና መሆኑንና ብዙውን ጊዜ የጎደለው ፕሮግራሙ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። መልስ ሳይኖር ዝም ብሎ መንጠልጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ፓኬቱን ወይ በመንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ውጦታል፣ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ደግሞ ከርነሉ ራሱ ሆን ብሎ ጥሎታል። የኔትወርክ ባለሙያ ስልክ ከመደወሉ በፊት ነገሩ እምቢታ ይሁን ዝምታ ቢጠይቅ ግማሹን መንገድ ይገላገላል።

ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም ተገኘ እንበል። እዚህ ላይ የከርነሉ ቁጥብነት መታየት ይጀምራል። ሙሉ የቲሲፒ ሶኬት፣ ማለትም ከርነሉ ስለ አንድ ግንኙነት የሚይዘው የተሟላ መረጃ፣ በሊኑክስ ውስጥ ከ2 ኪሎባይት በላይ ሜሞሪ ይይዛል፤ የመላኪያና የመቀበያ ወረፋ፣ ሰዓት ቆጣሪዎች፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሒሳብ ሁሉ አሉበት። አንድ ሲን ስለደረሰ ብቻ ይህን ሁሉ መመደብ አደገኛ ነው፤ ሲን መላክ ለላኪው ምንም አያስወጣውምና፣ የላኪው አድራሻም እውነተኛ ስለመሆኑ እስካሁን ማስረጃ የለምና። ስለዚህ ከርነሉ የሚከፍተው በጥቂት መቶ ባይት የሚቆጠር ትንሽ መዝገብ ነው። በእሷ ላይ የሚሰፍሩት አራቱ መለያዎች፣ ሁለቱ መነሻ ቁጥሮችና ደንበኛው በሲኑ ላይ ያቀረባቸው ምርጫዎች ናቸው፦ በአንድ ፓኬት የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን፣ የመቀበያ መስኮቱ የሚሰፋበት ልክ፣ የጠፉ ፓኬቶችን ነጥሎ የመጠየቅ ችሎታ፣ የጊዜ ማኅተም። እነዚህ ምርጫዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስምምነት የሚደረግባቸው በትውውቁ ወቅት ብቻ ነው። ያኔ ካልተመዘገቡ በኋላ የሚጠየቁበት ዕድል የለም።

መዝገቧ ከተከፈተች በኋላ ሲን-አኩ ይላካል፣ የሰዓት ቆጣሪም ይታሰርላታል። አኩ በ1 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ሲን-አኩ እንደገና ይላካል፤ ቀጥሎ 2 ሰከንድ፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ መጠበቂያው እጥፍ ይሆናል። በሊኑክስ ነባሪ ቅንብር ድጋሚ የሚላከው 5 ጊዜ ስለሆነ፣ የመጨረሻው የ32 ሰከንድ ጥበቃ ሲደመር ከርነሉ ተስፋ ቆርጦ መዝገቧን የሚሰርዘው ከ63 ሰከንድ በኋላ ነው። የመጀመሪያው መጠበቂያ ቀድሞ 3 ሰከንድ ነበር፤ ወደ 1 ያወረደው በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6298 ነው።

ሙሉው ሶኬት የሚፈጠረው ትክክለኛውን ቁጥር የጠቀሰ አክ ሲደርስ ነው። ቁጥሩን መጥቀስ መቻል ማለት ሲን-አኩ በእርግጥ ተቀባዩ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው፤ በሐሰተኛ አድራሻ የላከ ሰው መልሱን አያየውምና ቁጥሩን ሊያውቀው አይችልም። ከርነሉ ያን ጊዜ ሜሞሪውን ሳይሰስት ያወጣል። አሠራሩ በ2016 መጀመሪያ በወጣው በ4.4ኛው ሊኑክስ አንድ ትልቅ ለውጥ አግኝቷል፦ ቀድሞ ለአንድ ፖርት የሚመጡ ሲኖች ሁሉ በአንድ መቆለፊያ በኩል ማለፍ ነበረባቸው፣ ፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ኮሮች (ጎን ለጎን የሚያሰሉ ክፍሎች) ቢኖሩት ተራ ይጠባበቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትንንሾቹ መዝገቦች ከተመሠረቱት ግንኙነቶች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሚቀመጡ ኮሮቹ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ትውውቁ አልቆ ሙሉ ሶኬት ሲፈጠር ግን ፕሮግራሙ ገና አልተቀበለውም። ሶኬቱ የሚገባው የተጠናቀቁ ግንኙነቶች ወረፋ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ አክሴፕት የተባለውን ጥሪ በጠራ ቁጥር ከወረፋው ፊት አንድ አንድ እያለ ያነሣል። ሠራተኛዋ አሳሹ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ነገር ብታይ፣ የተገናኘችው ከከርነሉ ጋር ነው። ከፕሮግራሙ ጋር መገናኘቷ ወረፋው በሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ይወሰናል።

የወረፋው ርዝመት በሁለት ቁጥሮች ይወሰናል። አንደኛው ፕሮግራሙ ፖርቱን ሲከፍት የሚጠይቀው መጠን ነው፤ ሁለተኛው ሶማክስኮን የሚባለው የከርነሉ ጣሪያ ነው። ከሁለቱ የሚሠራው ትንሹ ነው። ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 128 ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2019 በወጣው በ5.4ኛው ሊኑክስ ወደ 4096 ከፍ ብሏል። ይሁንና ጣሪያው ከፍ ማለቱ ፕሮግራሙ ራሱ 128 ብሎ ከጠየቀ ምንም አይለውጥም፤ ይህን ስቶ ከርነሉን ብቻ እያስተካከለ የሚደክም ባለሙያ ጥቂት አይደለም።

በመሀል ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኦንላይን ምዝገባ በተከፈተበት ጠዋት ያየሁት ይህንኑ ነበር። ተመዝጋቢዎች ገጹ «አንዳንዴ ወዲያው ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይቆያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ እምቢ ይላል» ይላሉ። የክፍሉ ሰዎች መስመሩን ጠርጥረው ኢንተርኔት አቅራቢያቸውን መወትወት ጀምረዋል። ሰርቨሩ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ሜሞሪውም አልተነካም። ኤስኤስ የተባለውን ትእዛዝ ጥሪ ለሚጠብቁ ሶኬቶች ብቻ ስናስኬድ፣ በምዝገባው ፖርት መስመር ላይ ሁለት ቁጥሮች ወጡ፦ 129 እና 128። ለተራ ሶኬት እነዚህ ዓምዶች የሚያሳዩት ያልተነበበና ያልተላከ ባይት ነው፤ ጥሪ ለሚጠብቅ ሶኬት ግን የመጀመሪያው በወረፋው ያሉትን ግንኙነቶች፣ ሁለተኛው የወረፋውን ልክ ያሳያሉ። 129ኛው ከየት መጣ ለሚል፣ ከርነሉ ወረፋው ሞልቷል የሚለው ቁጥሩ ልኩን ሲያልፍ እንጂ ሲደርስበት ባለመሆኑ አንድ ተጨማሪ ሰው ሁልጊዜ ይገባል። ፕሮግራሙ ጥያቄ የሚያስተናግዱለትን ንዑስ ሂደቶች በሙሉ ከመረጃ ቋቱ መልስ እንዲጠብቁ አሰማርቶ ስለነበር አክሴፕት የሚጠራ አልቀረም። ችግሩ የነበረው በመረጃ ቋቱ ውስጥ፣ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ባልተሠራለት አንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ መስመሩ ምንም በደል አልነበረበትም።

ወረፋው ሲሞላ ከርነሉ የሚያደርገው ነገር ለሚያየው ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። አዲስ ሲን ሲመጣ ያለ አንዳች መልስ ይጥለዋል። ወረፋው ከመሙላቱ በፊት ሲን-አክ ደርሶት ከነበረ ደንበኛ ዘንድ አክ ሲመጣ ደግሞ አኩን ይጥለዋል። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ጉዱ ያለበት ነው፤ ደንበኛው በበኩሉ ትውውቁን ጨርሷል፣ ተገናኝቻለሁ ብሎ ያምናል፣ ጥያቄውንም ይልካል። ሰርቨሩ ግን አሁንም በትንሿ መዝገብ ላይ ነው፤ ጥያቄውን እንዳልሰማ ይሆናል፣ ጊዜው ሲደርስም ሲን-አኩን ይደግማል። ደንበኛው መልስ ስላጣ ጥያቄውን ደጋግሞ ይልካል። ጥያቄውን የተሸከመው ፓኬት ራሱ አክ ስለሚይዝ፣ ከድግግሞሾቹ በአንዱ ጊዜ ወረፋው ላይ ቦታ ከተገኘ ትውውቁ በዚያው ይጠናቀቅና ሥራው ይቀጥላል። ከርነሉ በዝምታ ከመጣል ይልቅ የእምቢታ ፓኬት እንዲልክ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ ነገር ግን በነባሪነት የጠፋ ነው፣ በእኔ እምነትም ጠፍቶ ቢቆይ ይሻላል። የአፍታ መጨናነቅ በድግግሞሽ ራሱ ይቃለላል፤ እምቢታ ግን በደንበኛው ስክሪን ላይ ስሕተት ሆኖ ይቀራል።

ተመዝጋቢዎቹ «አንዳንዴ ይቆያል» ያሉትም ከዚሁ ይፈታል። ሲኑ የተጣለበት ደንበኛ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይደግማል፤ ያም ከተጣለ በተለመደው የእጥፍ አቆጣጠር በ3ኛው ሰከንድ፣ ከዚያም በ7ኛው። ስለዚህ የመዘግየቱ መጠን እንደ ደካማ መስመር የተበታተነ አይሆንም፤ ወይ ቅጽበታዊ ነው፣ ወይ በ1፣ በ3፣ በ7 ሰከንድ አካባቢ ይሰበሰባል። በሎግ (በሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) ላይ እንዲህ ያለ አሰላለፍ ያየ ሰው የመስመሩን ፍጥነት ለመለካት ከመሮጡ በፊት ወረፋውን ቢያይ ያዋጣዋል።

እስካሁን ያልነው ቅን ደንበኛን ታሳቢ አድርጎ ነው። ትንሿ መዝገብ ምንም ያህል ትንሽ ብትሆን ነጻ አይደለችም፤ ሐሰተኛ አድራሻ እየቀያየረ ሲን ብቻ የሚያዘንብ ሰው መዝገቦቹን ሊሞላቸው ይችላል። እያንዳንዷ መዝገብ አክ ስትጠብቅ ደቂቃ ያህል ስለምትቆይ አጥቂው ብዙ ጉልበት እንኳ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996 ፓኒክስ የተባለው የኒው ዮርክ ኢንተርኔት አቅራቢ በዚህ ዓይነት ጥቃት ለቀናት ሲታመስ ነገሩ የዓለም ዜና ሆነ። በዚያው ወር የምስጠራ ሊቁ ዳንኤል በርንስታይን ሲን ኩኪ የተባለውን መፍትሔ አቀረበ፤ ሐሳቡ ዛሬም ድረስ በሊኑክስ ውስጥ ይሠራል።

መፍትሔው የጥያቄያችንን መልስ ወደ ዜሮ ያወርደዋል፦ ለማይታወቅ እንግዳ ምንም ሜሞሪ አይወጣም። ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የበር ጥበቃ፣ የባለጉዳዩን ስም በመዝገብ እንደመጻፍ ሳይሆን ስሙንና ሰዓቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ የራሱን ማኅተም መትቶ ለባለጉዳዩ ራሱ እንደመስጠት ነው፤ ባለጉዳዩ ሲመለስ ጥበቃው ማኅተሙን አይቶ ያስገባዋል፣ ሳይመለስ የቀረውን ግን ማስታወስ አይጠበቅበትም። በቲሲፒ ውስጥ ወረቀቱ የሚሆነው ሰርቨሩ የሚመርጠው መነሻ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚመርጠው ከርነሉ ራሱ መሆኑን አስቀድመን አይተናል፤ እንግዲህ በዘፈቀደ ከመምረጥ ይልቅ መልእክት ይጭንበታል። በበርንስታይን አደላደል ከ32ቱ ቢት 5ቱ በዝግታ የሚቆጥር ሰዓት ይይዛሉ፣ 3ቱ ደንበኛው ያቀረበውን የፓኬት መጠን በደምሳሳው ያመለክታሉ፣ የቀሩት 24ቱ ደግሞ ከአድራሻዎቹ፣ ከፖርቶቹ፣ ከሰዓቱና ከምስጢሩ የተፈጨ ማረጋገጫ ናቸው። ሰርቨሩ ሲን-አኩን ልኮ ሁሉንም ይረሳል። አኩ ሲመጣ ከተጠቀሰው ቁጥር ላይ አንድ ቀንሶ ማረጋገጫውን እንደ አዲስ ያሰላል፤ ከገጠመ ሙሉውን ሶኬት ያለ መዝገብ ይፈጥራል።

ዋጋ ግን አለው። በ32 ቢት ውስጥ የደንበኛው ምርጫዎች ሁሉ አይገቡም። ለፓኬት መጠን ሊኑክስ በአይፒ 4 ላይ የሚያውቀው አራት እርከኖችን ብቻ ነው፦ 536፣ 1300፣ 1440 እና 1460፤ 1452 ያለ ደንበኛ 1440 ይሰጠዋል። የመስኮት ማስፊያውና የጠፋን ነጥሎ የመጠየቅ ችሎታ የሚተርፉት ደንበኛው የጊዜ ማኅተም ከተጠቀመ ብቻ ነው፤ ከርነሉ በማኅተሙ የታችኛው ጫፍ ቢቶች ላይ ይሸሽጋቸዋልና። በዚህ ምክንያት ሊኑክስ ኩኪን በነባሪነት የሚያስበው መዝገቦቹ ሲሞሉ ብቻ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ በተለመደው መንገድ ይሄዳል።

ወደ ኩኪ ሲዞር ከርነሉ በሎጉ ላይ በፖርቱ ላይ የሲን ጎርፍ ሳይኖር እንዳልቀረ የሚናገር መስመር ይጽፋል። ይህ መስመር ብዙ መሥሪያ ቤት አሸብሯል። ከርነሉ «ሳይኖር አይቀርም» አለ እንጂ አለ አላለም። መዝገቦቹ ሞሉ የሚባልበት ልክ ከላይ ካየነው የፕሮግራሙ ወረፋ መጠን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ወረፋው ትንሽ በሆነበት ሰርቨር ላይ አንድ የምዝገባ ጠዋት ብቻውን ይህን መስመር ሊያስጽፍ ይችላል። ተደናግጦ ከአንድ አድራሻ ብዙ ሲን የላከን ሁሉ የሚያግድ የፋየርዎል ሕግ መጻፍ ደግሞ ከሕመሙ የከፋ መድኃኒት ይሆናል፤ የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ጀርባ ማስቀመጣቸው የተለመደ ነውና፣ ከፒያሳ በስልኩ የገባውን አንድ ተመዝጋቢ አግዳለሁ ያለ ሰው አብረውት ሺህ ሰው ሊያግድ ይችላል።

ስለ ርቀትም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ትውውቁ አንድ ደርሶ መልስ ስለሚወስድ፣ ሰርቨሩ በሩቅ ባለ ጊዜ ማንኛውም የከርነል ቅንብር የማያሳጥረው ጊዜ አለ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ መስመር ቢዘረጋ እንኳ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። አገራችን ባሕር የሌላት በመሆኗ ፋይበሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር መውረድ አለበትና እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ከትውውቁ በኋላ የሚመጣው የምስጠራ ስምምነት፣ በአዲሱ ቲኤልኤስ 1.3 ቢሆን እንኳ፣ ሌላ አንድ ደርሶ መልስ ይጨምራል። በሲኑ ላይ ዳታ ጭኖ ለመላክ የሚያስችለው ፋስት ኦፕን በ2014 በአርኤፍሲ 7413 ቢወጣም፣ በመንገድ ላይ ያሉ ፋየርዎሎች ያልለመዱትን ሲን ስለሚጥሉ እምብዛም አልተስፋፋም።

በደንበኛው በኩል ያለው ከርነልም የራሱ ሥራ አለው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ጊዜያዊ ፖርት ይመርጣል፤ ሊኑክስ በነባሪነት የሚመርጠው ከ32768 እስከ 60999 ካለው ነው። ይህ ለአንዲት ሠራተኛ ከበቂ በላይ ነው፤ ከፊት ቆሞ የሁሉንም ጥያቄ ወደ አንድ የኋላ ሰርቨር ለሚያሻግር ማሽን ግን ሊያንስ ይችላል፣ በተለይ የተዘጋ ግንኙነት ፖርቱን ለ60 ሰከንድ ይዞ ስለሚቆይ።

ሰርቨሩ ዘንድ ሲን ወይም አክ ተጥሎ እንደሆነ የሚያረጋግጡ ሁለት ቆጣሪዎች በከርነሉ ውስጥ አሉ፤ ሊስን ኦቨርፍሎውስ እና ሊስን ድሮፕስ ይባላሉ፣ ኤንስታት በተባለው ትእዛዝም ይነበባሉ። የመጀመሪያው የሚጨምረው የተጠናቀቁ ግንኙነቶች ወረፋ በመሙላቱ ለተጣለው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በሌላም ምክንያት፣ ለምሳሌ በሜሞሪ እጥረት፣ የተጣለውን ይጨምራል። ሁለቱም ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመ ድምር ስለሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ትልቅ ቁጥር ማየት ምንም አይነግርም፤ ካለፈው ዓመት ምዝገባ የቀረ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንብቦ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ አንብቦ፣ ልዩነቱን መያዝ ያስፈልጋል።